ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፤ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀሩ የምንጃር ሰው



የመጽሔታችን ኮሚቴ ስለ አንድ የታወቀ ሟች የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ሲያዘኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አርበኛ ለመጻፍ ነበር። በእኛ አገር፣ በመንዝም በግሼም በመርሐ ቤቴም፣ አርበኛ አይጠፋም። ነገር ግን ስለ አርበኛ፣ ስለ ደብር አለቃ፣ ስለ ባላባት ስንጽፍ ኖረናል። ስለ ዘፋኝ ግን አንድም ቀን አልጻፍንም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አፍ አውጥተን አንናገረውም እንጂ።

እስቲ እኔ ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ እዚህ ከመግባቴ በፊት አባል በነበርኩበት በሌላ ዕድር፣ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ልመዝገብ ብሎ አመለከተ። አባቱም አያቱም ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። ልጆቻችንን ስንድር ያጫወተን እሱ ነው። የሱ ማመልከቻ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። አዝማሪ ከኛ ጋር እንዴት እኩል ይቆማል፣ እንዴትስ ከፍታብሔር ቁጭ ብሎ ይወስናል የሚሉ ነበሩ። በመጨረሻ ተፈቀደለት፤ ነገር ግን መዝገቡ ላይ ሥራ በሚለው ቦታ ነጋዴ ተብሎ ተጻፈ። እኔም እጄን አውጥቼ ነጋዴ ይባል ካሉት ጋር ደገፍኩ። መልካም የሠራን መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

ታዲያ ይህን ሳሰላስል ነው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ትዝ ያሉኝ። የሙዚቃ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አዝማሪ ይሏቸዋል። የአገር ሰው ደግሞ ነጋድራስ ይላቸዋል። ነጋድራስ ማለት እንግዲህ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው፤ ቀረጥ የሚያስከፍል፣ በነጋዴ መካከል የተነሣውን ክርክር የሚዳኝ ሹም። ሁለቱ ስሞች በአንድ ሰው ላይ ተቀምጠው ሳይጣሉ መኖራቸው ያስደንቀኛል።

ነጋድራስ ተሰማ የተወለዱት በ1869 ዓ.ም. ገደማ በምንጃር ነው። ምንጃር መንዝ አይደለም ብሎ የሚከራከረኝ አባል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ እነሱ ነጭ ጤፍ ያበቅላሉ፣ እኛ ገብስ እናበቅላለን፤ እነሱ በነጠላ ሲወጡ እኛ በርኖስና ባና እንደርባለን። ሆኖም ሁላችንም ሰሜን ሸዋ ነን፤ እኔ ደግሞ በዚህ ረገድ አድልዎ የለብኝም። በጨዋታና በግጥም ግን ምንጃርና ቡልጋ ይበልጡናል ብል ቅር አይበላችሁ።

ተሰማ ያደጉበት ዘመን ዐፄ ምኒልክ አዲስ ነገር ሁሉ የሚወዱበት ዘመን ነበር። ስልክ፣ ቧንቧ ውሃ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የሸዋ መኳንንት ከሰይጣን ሥራ የሚቆጥረውን ሁሉ ንጉሡ ያስመጡ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። አውቶሞቢሉ መጣ፤ ነገር ግን የሚያሽከረክረውና ሲበላሽ የሚጠግነው የአገር ልጅ የለም። ስለዚህ ይህን ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ከተላኩት መካከል አንዱ ተሰማ እሸቴ ሆኑ። ዕድሜያቸው ሠላሳን አልፎ ነበር።

መንገዱን አስቡት። በዚያን ጊዜ ባቡሩ የደረሰው ድሬዳዋ ድረስ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ፣ ከዚያ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በስዌዝ በኩል አውሮፓ መግባት ነው። ዛሬ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ለመድረስ አውቶቡስ ዘገየ ብለን የምንነጫነጭ ሰዎች ነን።

ጀርመን አገር የተላኩት ለሞተር ነበር፤ ስማቸውን ያስቀረው ግን ሌላ ነገር ሆነ። እዚያ በቆዩበት ጊዜ፣ ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ውስጥ፣ የሸክላ ኩባንያ ፊት ቀርበው በአማርኛ ዘፈኑ፤ ከደርዘን በላይ ሸክላ ታተመ። ለገበያ በሸክላ የታተመ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘፈን ይኸው የተሰማ እሸቴ ዘፈን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። የመጀመሪያው የተቀዳ የኢትዮጵያዊ ድምፅ የሳቸው ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ይህ ልክ አይደለም። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ልከው ነበር፤ ንጉሡና እቴጌይቱም በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መሣሪያ ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ሰደዱ። በ1898 ዓ.ም. ደግሞ አክሱምን ሊያጠኑ የመጡ ጀርመኖች የአገሬውን ዘፈን በሰም በርሜል ላይ ቀድተዋል። ይሁን እንጂ ያ ለንጉሥና ለምሁር ነው። ማንም ገንዘብ ያለው ሰው ገዝቶ፣ ቤቱ ወስዶ፣ ቡናው እየተፈላ የሚሰማው ዘፈን የጀመረው በተሰማ ነው።

አቀዳዱ ራሱ ጉድ ነው። በዚያን ዘመን ሸክላ የሚቀዳው ያለ ማይክሮፎን ነው። ዘፋኙ እንደ ዕድራችን ጥሩምባ፣ ግን በጣም ትልቅ በሆነ ቀንድ መሰል ጡሩንባ አፍ ላይ ቀርቦ ይጮኻል። በወዲያኛው ጫፍ ድምፁ የሚያንቀጠቅጠው መርፌ አለ፤ መርፌው በሚዞር የሰም ገበታ ላይ መሥመር ይጭራል። ዘፋኙ ቢሳሳት ሰሙ ተበላሸ ማለት ነው፤ እንደገና በሌላ ሰም ይጀመራል። ከዚያ ከሰሙ ላይ የብረት ቅርጽ ይወጣና በሱ ሸክላው ይታተማል። በሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር መጣልኝ። አንጥረኛ ወርቅ ሲሠራ መጀመሪያ በሰም ቅርጹን ያወጣል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲፈስ ወርቁ በቦታው ይገባል። የቅኔያችን ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ተሰማ እሸቴ ደግሞ የታወቁት ባለ ሁለት ፍች ግጥም በመግጠም ነው። በቅኔ ሰም የኖሩ ሰው ድምፃቸው በእውነተኛ ሰም ላይ ተቀረጸ ማለት ነው።

የሳቸውን ግጥም እዚህ አልጠቅስም፤ ግን ነገሩ ለልጆች ይገባቸው ዘንድ በአጭሩ ላስረዳ። ዓለማየሁ የሚባል ሰው ሞተ እንበል። አልቃሿ ስሙን ስትጠራ ዓለማየሁ ያለች ይመስላል፤ ይህ ሰሙ ነው። ጠጋ ብሎ የሚሰማ ደግሞ ፊቱን አለማየቷን እየነገረችን መሆኑን ያውቃል፤ ይህ ወርቁ ነው። በመንዝ ለቅሶ ላይ ያደገ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ይረዳል። ዶናልድ ሌቪን የሚባለው አሜሪካዊ ምሁር እኮ መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ኑሮአችንን ካጠና በኋላ በ1965 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ላሳተመው መጽሐፍ የሰጠው ስም ሰምና ወርቅ የሚል ነው። የተሰማ ልጅ የአባታቸውን ግጥሞች ሰብስበው ሲያዘጋጁም መጽሐፉን የጠሩት በዚሁ ስም ነው።

ተሰማ ከጀርመን ሲመለሱ አገሩ ሌላ ሆኖ ቆያቸው። ዐፄ ምኒልክ በሽታ ጥሏቸዋል፤ የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽነታቸው ታውጇል። ልጅ ኢያሱ ወጣት ነበሩ፤ ጨዋታና ፈረስ ይወዱ ነበር፤ የድሮው መኳንንት ያሰለቻቸው ነበር። እንደ ተሰማ ያለ ውጭ አገር ያየ፣ ሞተር የሚያውቅ፣ ግጥም ከአፉ የማይነጥፍ ሰው ደግሞ እንዲህ ላለ ልዑል የተሠራ ነው። ቅርብ ወዳጅ ሆኑ፤ ተሰማም ነጋድራስ ተባሉ። ይህን የሚንቅ ሰው ይኖራል፤ በዘፈን የተገኘ ሹመት ነው ይላል። እኔ ግን እላለሁ፤ በሐሜት ከተገኘው ሹመት በምን ያንሳል?

ወዳጅነቱ ዋጋ አስከፈለ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ መጡ። የሆነውን አያቶቻችን በዓይናቸው አይተዋል፤ ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ ወደቁ፣ ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ ሰገሌ ሜዳ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው በእኛው ምድር፣ ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሥቶ ነው። በዚያን ጊዜ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ የነበረ ሁሉ ወዳጅነቱን መካድ ነበረበት፤ ያልካደ ከቤተ መንግሥት ይርቃል። ነጋድራስ ተሰማም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው በቤተ መንግሥት ደምቀው አልታዩም። ግጥማቸው ግን ከሰው አፍ አልወጣም። ሹመት ይነጠቃል፤ ሰው በቃሉ የያዘውን ግጥም ማን ወርሶ ያውቃል?

ደግሞም ግጥም አዋቂ መሆን ሕይወት የሚያስከፍልበት ዘመን መጣ። ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ፣ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና አዝማሪዎችን እንዲገድሉ አዘዘ። ለምን ቢሉ ከገበያ ገበያ እየዞሩ የጣሊያንን መጥፊያ ይዘፍናሉ ተብሎ ነው። እንግዲህ እኛ ለዕድር መዝገብ አይመጥንም ያልነውን ሰው ፋሽስት እንደ ጠላት ጦር ቆጥሮት ነበር።

ነጋድራስ ተሰማ ይህን ዘመን አልፈው ረጅም ዕድሜ ኖሩ። ልጃቸውን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በ1914 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅማ ላይ የተወለዱት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ የመለሱ፣ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። አባታቸው ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ አምስት ገደማ። ሙዚቃ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ይባላል፤ እዚህ ቤት የወረደው ኳስ ሆነ። ቢሆንም ልጁ በአገር ሥራ ላይ ሳሉ የአባታቸውን ግጥም መሰብሰብ አልረሱም። ስንቶቻችን ነን የአባታችንን ቃል እንኳ በወረቀት ያስቀመጥን?

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1957 ዓ.ም. አረፉ። ሸክላዎቹ በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ተሰባብረዋል፣ ጠፍተዋል። ሸክላ ከእጅ ቢያመልጥ እንደ ገንቦ ነው፤ ከነስሙ። ደግነቱ የኢትዮጵያን የድሮ ሙዚቃ ሲሰበስብ የኖረው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ፣ ኢትዮጲክስ በሚባለው ተከታታይ ሥራው በ27ኛው ቅጽ፣ የመቶ ዓመቱን መታሰቢያ አድርጎ የተገኙትን ሸክላዎች በሲዲ አሳተማቸው። ዛሬ ማንም ልጅ በስልኩ ሊሰማቸው ይችላል።

እኔም በልጅ ልጄ ስልክ ሰማኋቸው። መጀመሪያ እንደ ሽሮ የሚንተከተክ ድምፅ ይሰማል፤ የሸክላው መፋተግ ነው። ከዚያ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ፣ የሰው ድምፅና ማሲንቆ ይመጣል። ከቃሉ ግማሹ አልያዘልኝም። ስለዚህ ሙያውን የሚያውቅ ፍለጋ ወጣሁ፤ ያ ነጋዴ ተብሎ የተመዘገበው ሰው ካረፈ ቆይቷል፣ ልጁ ግን አለ፣ ዛሬም ማሲንቆ ይመታል። ቤቱ ሄጄ ስልኩን ሰጠሁት።

ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ሲያልቅ ድገመው አለኝ። ደገምኩት። ከዚያ ማን እንደሆኑ አልጠየቀኝም፤ ለምን እንደሚቸኩሉ ጠየቀኝ። አዝማሪ መጀመሪያ ክሩን ያስማማል፣ ቤቱን ያያል፣ ሰዉን ያውቃል፣ ከዚያ ነው የሚገባው፤ እኚህ ሰው ግን ሲጀምሩም እንደሚሮጡ ናቸው አለ። ስለ ሰሙ ገበታና ስለ ሦስቱ ደቂቃ ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለና ማሲንቆውን ከግድግዳው አወረደ፤ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ያዘው፣ ቀስ ብሎ። ሰዓቴን አላየሁም እንጂ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አይቀርም።