አባ ሄንሪ ብረይና የድንጋይ ዘመን መዝገብ

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ለገሃር ጥቂት ብንራመድ አሮጌውን የምድር ባቡር ጣቢያ እናገኛለን። ባቡሩ ከዚያ ተነሥቶ ድሬዳዋ ይደርስ ነበር። በድሬዳዋ አጠገብ ካለው ገደል ላይ ፖርኬፒክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ትርጓሜውም በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። የምንጽፈውም ይህን ዋሻ ስለ ቆፈሩት ስለ አባ ሄንሪ ብረይ ነው።

አባ ሄንሪ በፈረንሳይ አገር ሞርቴን በምትባል ከተማ በ1877 ዓ. ም. ተወለዱ (ዘመኑን ሁሉ የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። በ1900 ዓ. ም. ቅስና ተቀበሉ፤ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ግን በዋሻና በቤተ መዘክር ነው። በማግሥቱ ዓመት ከባልንጀሮቻቸው ጋር የኮምባሬልንና የፎን ደ ጎምን የዋሻ ሥዕሎች ለዓለም አስታወቁ።

ሰው ሁሉ የሚያነሣላቸው ይህን ነው። እኛ ግን ሌላውን ሥራቸውን እናስበልጣለን። በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ፥ ሰው አስቀድሞ ድንጋይን አሳምሮ ጠረበ፥ አጥንት መሥራት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህም እንደ ቅጠል የሳሳው የድንጋይ ጫፍ በመዝገብ ላይ ይቀድማል፥ የአጥንቱ ጫፍ ይከተላል። አባ ሄንሪ ግን የዕቃውን መልክ ከማየት ይልቅ ከየትኛው የአፈር ድርብ እንደ ወጣ ይጠይቁ ነበር። የታችኛው አፈር ቀድሞ የተኛ ነውና፥ እግሩ የተሰነጠቀው የአጥንት ጫፍ ከቅጠል መሰሉ ድንጋይ ሥር ከተገኘ አጥንቱ ይቀድማል ማለት ነው። ይህንኑ ሥርዐት በ1912 ዓ. ም. በጄኔቭ ጉባኤ ላይ ዘርዝረው አቀረቡ። የመጨረሻውንም ዘመን በአጥንትና በቀንድ ጫፎቹ ልዩነት በ6 ከፈሉት።

የድሬዳዋውን ዋሻ ቴያር ደ ሻርደንና ደ ሞንፍሬ በ1929 ዓ. ም. ካገኙት በኋላ፥ አባ ሄንሪ ከፖል ቬርነር ጋር በ1933 ዓ. ም. ቆፈሩት። ሹል ሹል የድንጋይ ጫፎች፥ የሰውም የታችኛ መንጋጋ ስባሪ ወጣ። ዝርዝሩ የታተመው ግን በ1951 ዓ. ም. ነው። ጦርነት በመካከል መግባቱን ብናውቅም 18 ዓመት በዛብን።

ስለ ታላቅ ሰው ሲጻፍ ስሕተቱን መሸፈን አይገባም። በ1931 ዓ. ም. በቻይና በጁኩዲያን ዋሻ ብዙ የአጥንት ስባሪ አይተው የሰው መሣሪያ ነው አሉ፤ ኋላ ሲመረመር ብዙው አውሬ የቆረጠመው ሆኖ ተገኘ። በናሚቢያ በብራንድበርግ ተራራ ያለውንም ሥዕል ነጭ ወይዘሮ ናት፥ ዘርዋም ከሜዲትራኒያን ነው ብለው ጻፉ። ሥዕሉ የወንድ እንደ ሆነ፥ የሣሉትም አፍሪካውያን እንደ ሆኑ ዛሬ ይታመናል። በዚህ ነገር በክፍላችን ብዙ ተከራክረናል። ከፊሎቻችን የዘመናቸው ስሕተት ነው ብለን አለፍነው፤ ሌሎቻችን ግን፥ ድንጋዩን በአፈሩ የመረመሩ ሰው ሥዕሉን እንዴት በመልኩ ብቻ ፈረዱበት ብለን አዝነናል።

አባ ሄንሪ በ1961 ዓ. ም. በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። የድሬዳዋው ዋሻ ከ1970 ዓ. ም. ወዲህ እንደ ገና ተቆፈረ። ከውስጡ የወጣው ጥቁር ባልጩት ሲመረመር፥ ከፊሉ በመተሐራ አቅጣጫ ካለው ከኮኔ የመጣ ነው። መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ባቡር ቀርቶ የጭነት አህያም አልነበረም።