ሉዊ ዱፓርክ (1866–1932)፦ አፈርን ከዐለቱ ጀምሮ ማንበብ

ከቡታጅራ ከተማ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የጉራጌ ተራሮች በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ እንደ ግድግዳ ቆመው ይታያሉ። በእነዚህ ተራሮች ቁልቁለት ላይ የአፈር ናሙና ለመውሰድ ጉድጓድ የቆፈረ ተማሪ አንድ ነገር በሚገባ ያውቃል፤ ዶማው ብዙ ሳይወርድ ከዐለት ጋር ይጋጫል። በዓለም አቀፉ የአፈር አመዳደብ ሥርዓት፣ ከገጽ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ያልተቋረጠ ዐለት የሚገኝበት አፈር ሌፕቶሶል ተብሎ ይመደባል። ይህ ስያሜ የአፈሩን ስስነት ይገልጻል እንጂ አፈሩ ከየትኛው ዐለት እንደ ተገኘ አይናገርም። በመስክ መዝገባችን ላይም ስለ ዐለቱ የሚሰፍረው ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ አንድ ቃል በቂ አለመሆኑን በአንድ ሳይንቲስት ሕይወት በኩል ማሳየት ነው። ሳይንቲስቱ የስዊዘርላንድ ተወላጅ የሆኑት ሉዊ ዱፓርክ ናቸው። ስማቸው ከአገራችን ጋር የተሳሰረው በምዕራብ ወለጋ፣ በዩብዶ፣ በብርብር ወንዝ ተፋሰስ በሚገኘው አልትራማፊክ ዐለት አማካይነት ነው። አልትራማፊክ የሚባሉት ከ90 በመቶ በላይ ይዘታቸው ማግኒዥየምና ብረት በበዛባቸው ማዕድናት የተሞላ ዐለቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዱፓርክ በ1866 ተወለዱ። በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የማዕድንና የዐለት ጥናት ፕሮፌሰር ሆነው ለረጅም ዘመን አገለገሉ። በመጀመሪያዎቹ የምርምር ዓመታቸው ትኩረታቸው የአልፕስ ተራሮች ነበሩ፤ ከሩማንያዊው ሉዶቪክ ምራዜክ ጋር ስለ ሞንብላን ግዙፍ ተራራ ያካሄዱት ጥናት በ1898 ታተመ። የአሠራራቸው መሠረት በሦስት ነገሮች ላይ ያረፈ ነበር፤ ተራራውን በእግር ማሰስ፣ ዐለቱን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳስቶ በአጉሊ መነጽር መመርመር፣ ከዚያም በቤተ ሙከራ የኬሚካል ይዘቱን መለካት። ይህንኑ የምርመራ ዘዴ ከፍራንሲስ ፒርስ ጋር ሆነው በ1907 መታተም በጀመረ የመማሪያ መጽሐፍ አስፍረውታል።

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ የዱፓርክ ሥራ ወደ ሩሲያ፣ ወደ ዩራል ተራሮች አቀና። በ1901 ከፒርስ ጋር ሆነው በዚያ ያገኙትን አንድ ጥቁር ዐለት ከኮስቪንስኪ ተራራ ስም ወስደው ኮስቫይት ብለው ሰየሙት። አንድን ዐለት በተገኘበት ስፍራ የመሰየም ልማዳቸው ኋላ በአገራችንም ፍሬ አፍርቷል። በዚያን ጊዜ የዓለም ገበያ አብዛኛውን ፕላቲነም የሚያገኘው ከዩራል ወንዞች አሸዋ ነበር። ዱፓርክ ግን በወንዙ አሸዋ አልረኩም፤ የብረቱን ምንጭ ወደ ላይ ተከትለው ተራራው ዘንድ ደረሱ። በዚያም የሚደጋገም አንድ ሥርዓት ተመለከቱ። በመካከሉ ከሞላ ጎደል በኦሊቪን ማዕድን ብቻ የተሠራ ዱናይት የተባለ ዐለት ይገኛል፤ ዙሪያውን ደግሞ ፓይሮክሲናይት ይከበዋል።

ይህ ሥርዓት የሩሲያ ብቻ ይሁን ወይስ የሌላም አገር ለማወቅ ማነጻጸር ያስፈልግ ነበር። ስለሆነም ከኦገስት ግሮሴ ጋር በደቡብ ስፔን የሚገኘውን የሮንዳ ተራራ ፕላቲነም ከዩራሉ ጋር ያነጻጸረ ጥናት በ1916 አሳተሙ። በ1920 ደግሞ ከማርጋሪት ቲኮኖቪች ጋር ያዘጋጁትና የዩራልንና የመላውን ዓለም የፕላቲነም ስፍራዎች የሚዳስሰው ትልቁ መጽሐፋቸው ወጣ። መጽሐፉ በታተመበት ጊዜ በ1917 የተነሣው የሩሲያ አብዮትና እርሱን የተከተለው ጦርነት የዩራልን ምርት አዳክመውት ነበር። ፕላቲነም ፈላጊዎችም ዓይናቸውን ወደ ሌሎች አህጉራት አዞሩ።

የዩብዶ ፕላቲነም በዓለም የማዕድን ጥናት መድረክ የታወቀው በዚሁ በ1920ዎቹ ነው። የብርብር ወንዝ ከገባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ባሮን የሚፈጥር ወንዝ ነው። በዩብዶም መካከሉ ዱናይት፣ ዙሪያው ፓይሮክሲናይት የሆነ ዐለት ተገኘ፤ ዱፓርክ በዩራል ለዓመታት ያጠኑት ሥርዓት በምዕራብ ኢትዮጵያ ተደገመ። ከዱናይቱ በላይ ያለው ግን ከዩራሉ የተለየ ነበር። በሞቃታማውና ዝናባማው አየር ንብረት ሥር ቀይ የላተራይት አፈር ተፈጥሯል፤ ከእርሱ ጋር ደግሞ በአብዛኛው ከሲሊካና ከብረት ኦክሳይድ የተሠራ ጠንካራ ዐለት ይገኛል። ይህ ዐለት በይዘቱ ከዱናይት እጅግ የራቀ ሲሆን፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን የዱናይቱን የውስጥ አቀማመጥ ጠብቆ ይገኛል። በ1927 ዱፓርክ፣ ኤ. ሞሊ እና ኤ. ቦርሎዝ በጄኔቫ የፊዚክስና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር መጽሔት ላይ አዲስ ዐለት መሆኑን አስታውቀው ብርብራይት ብለው ሰየሙት። የአንድ ኢትዮጵያዊ ወንዝ ስም በዚህ መንገድ ወደ ዓለም የዐለት መዝገብ ገባ።

የብርብራይት ግኝት ለአፈር ተመራማሪ ምን ፋይዳ አለው? ኦሊቪን በገጸ ምድር አካባቢ በቀላሉ የሚፈርስ ማዕድን ነው። ሲፈርስ ማግኒዥየሙ በውኃ ታጥቦ ይሄዳል፤ ብረት፣ ኒኬልና ክሮሚየም ግን በብዛት ይቀራሉ። ከዐለቱ መጀመሪያውኑ የጎደለው ነገር ከአፈሩም ይጎድላል፤ ዱናይት ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ፎስፈረስ እጅግ ያነሰበት ዐለት ነው። ቁልቁለት በበዛበትና አፈሩ ቶሎ በሚታጠብበት ስፍራ ማግኒዥየሙ ጨርሶ ሳይወጣ ይቀርና ከካልሲየም ጋር ያለው ሚዛን ይዛባል። በእንዲህ ያለ ስስ አፈር ላይ ሰብል የሚቀጭጨው ሥሩ ዐለት ስለ ነካ ብቻ ሳይሆን የሚመገበው ስለ ጎደለውም ጭምር ነው። በውኃ የማይሟሙት የፕላቲነም ቅንጣቶችም በዚሁ አፈር ውስጥ ይከማቻሉ። የዩብዶ ቆፋሪዎች አፈሩን የሚያጥቡትም ስለዚህ ነው፤ ታጥቦ የሄደው አፈር ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም።

የዱፓርክን ሥራ ስናደንቅ ውስንነቱንም ማንሳት ይገባል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በብርብር የፈለጉት ማዕድን ነበር። አፈሩ በእነርሱ ዓይን የብረቱ መጋዘን እንጂ ገበሬ የሚያርሰው ሀብት አልነበረም። ስለ ብርብራይት አፈጣጠርም የመጨረሻው ቃል የእነርሱ አልሆነም። ሞሊ በ1959 ስለ ኢትዮጵያ የፕላቲነም ስፍራዎች በድጋሚ ጽፈዋል፤ የግሪኩ ተመራማሪ ኤስ. ኤስ. አውጉስቲቲስም በ1965 የዩብዶን ዐለቶች በስፋት መርምረው አሳትመዋል። የሲሊካው መከማቸት ከገጽ ወደ ታች በሚሰርግ ውኃ ነው ወይስ ከጥልቅ በሚወጣ ሙቅ ውኃ የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን አከራክሯል። ዱፓርክ ግን ይህን ክርክር አልደረሱበትም፤ በ1932 ዐርፈዋል።

ወደ ጉራጌ ተራሮች እንመለስ። ከቡታጅራ በላይም ሆነ በማዶ ወደ ወልቂጤ በሚወርደው ገጽ ያሉት ዐለቶች የእሳተ ገሞራ ውጤቶች እንጂ እንደ ዩብዶው አልትራማፊክ አይደሉም። ባሳልት የዱናይት የሩቅ ዘመድ ቢሆንም ካልሲየም ያለበት ፌልድስፓር ይዟል፤ ስለዚህ አፈሩ የዩብዶው ዓይነት የምግብ መዛባት አይጠበቅበትም። በቤት ዙሪያ ያለው የእንሰት ማሳ ደግሞ ለዘመናት ፍግ ሲመገብ የኖረ በመሆኑ፣ በላዩ ካለው የባሕር ዛፍ ቁልቁለት ጋር አንድ ዓይነት ዐለት ላይ ቢያርፍም አንድ ዓይነት አፈር አይደለም። ሦስቱንም አፈሮች በጥልቀታቸው ብቻ መዝነን አንድ ምክር ብንሰጥ ጉዳቱ የገበሬው ይሆናል። ለምሳሌ የአሲዳማነት ማከሚያ የሚሆነው ኖራ ማግኒዥየም ያለበት የዶሎማይት ኖራ ከሆነ፣ ማግኒዥየም በጎደለው አፈር ላይ ይጠቅማል፤ ቀድሞውኑ ማግኒዥየም በበዛበት የአልትራማፊክ አፈር ላይ ግን መዛባቱን ያብሳል። በዚያ የሚሻለው ካልሲየም ብቻ የሚሰጠው ኖራ ነው።

ስለዚህ በተራራማ አካባቢ የአፈር ጥናት የሚያደርጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከአፈሩ ናሙና ጎን ከጉድጓዱ ወለል የዐለት ናሙና እንዲወስዱ፣ ቢያንስ ከየዐለቱ ዓይነት አንዱን በአጉሊ መነጽር እንዲያስመረምሩ፣ በአፈሩም ውስጥ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ለየብቻ እንዲለኩ ይህ ጸሐፊ ሐሳብ ያቀርባል። ተጨማሪው ወጪና ድካም ጥቂት ነው። ዱፓርክ የወንዙን አሸዋ ትተው ተራራው ድረስ የወጡት የሚፈልጉት ነገር ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ነበር፤ እኛም በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ያንኑ መንገድ ከአፈሩ ወደ ዐለቱ መውረድ እንችላለን።