ከይፋግ እስከ በርሊን፦ የአለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ሕይወት

የዚህ ዓመት መጽሔታችን አዘጋጆች ለጸሐፊዎች የላኩት ቅጽ አራት ጥያቄ ነበረው፦ ስም፣ የተመረቁበት ዓመት፣ የትምህርት ክፍልና የጽሑፍ ልምድ። ሦስቱን ወዲያው ሞላሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ የጻፍኩት የሕመምተኛ ካርድና የሪፈር ወረቀት ነው። እሱ ደግሞ፣ ታውቁታላችሁ፣ ከፋርማሲ ሠራተኛ በቀር የሚያነበው የለም።

ነገሩን ቀልድ አድርጌ ልተወው ነበር። ያልተወኝ በዝግጅት ስብሰባው ላይ የሆነው ነው። በሳኒቴሪያንነት በዲፕሎማ የተመረቀ አንድ ወንድማችን ጽሑፍ ልኮ ነበር። አንባቢዎቻችን መምህራንና ስፔሻሊስቶች ስለሆኑ ይመጥናል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከመካከላችን ጽሑፉን ያነበበ ሰው ገና አልነበረም። እኔም አላነበብኩትም፤ ግን ዝም አልኩ። ዝምታዬ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

የምሠራው ደብረ ታቦር ነው። ወደ ጎንደር ስንሄድ መኪናው ወረታ ላይ ወደ ሰሜን ይታጠፍና በይፋግ በኩል ያልፋል። ብዙዎቻችን በመስኮት አይተናት ያለፍናት ከተማ ናት። በዚያ ሰሞን ሳልፍ ግን የአንድ ሰው ስም ትዝ አለኝና ይህን ለመጻፍ ወሰንኩ። ሰውዬው አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ናቸው።

አለቃ ታዬ የተወለዱት በ1853 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ በይፋግ አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ይፋግ ስመ ጥር ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨው የጫነ ነጋዴ ከሰሜን ይመጣል፣ ቡናና ሌላ ሸቀጥ ከደቡብ ይወጣል፣ የሁሉም ቋንቋ እዚያ ይሰማል። ዘመኑ የአፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦር ላይ ከትመው፣ አጠገቧ ባለችው ጋፋት የውጭ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እየጎተቱ ወደ መቅደላ ሲሄዱ፣ በጌምድር በጦርነትና በዝርፊያ ተጎድቶ ነበር። ታዬ ያደጉት በዚህ መካከል ነው፤ ወላጆቻቸውንም በልጅነታቸው አጡ።

አሳዳጊ ያጣ ልጅ መንገድ የወሰደውን ይሄዳል። ታዬን መንገዱ ምጽዋ አደረሳቸው። ከወደቡ አጠገብ ምንኩሉ በምትባል ቦታ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረው፤ በኋላም ማተሚያ ቤት አቋቋመ። እዚያ ገብተው ተማሩ።

የምንኩሉን ትምህርት ቤት የተማሪዎች መዝገብ ገልጠን የጽሑፍ ልምድ ብለን ብንጠይቅ ኖሮ ምን እናገኝ ነበር? ከኢሉባቦር ተሰርቆ በባርነት የተሸጠና ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ኦነሲሞስ ነሲብ ይባላል። አስቴር ጋኖ የምትባል፣ እሷም ከባርነት የተረፈች ልጅ ነበረች። ከይፋግ የመጡት ወላጅ አልባው ታዬም ነበሩ። ኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ ትርጉሙም እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። አስቴር ለዚያ ትርጉም ቃላት በመሰብሰብ ትልቁን ሥራ ሠራች፣ ተረትና ምሳሌም እያስታወሰች ለማንበቢያ መጽሐፍ አበረከተች። የሷን ስም ሳነሣ፣ በየክፍላችን የሴቶቹ ቁጥር በጣት ይቆጠር የነበረበት ዘመን ትዝ ይለኛል።

ታዬ የውጭውን ትምህርት ቀምሰው በዚያ አልረኩም። ወደ በጌምድር ተመልሰው ከአገሩ ሊቃውንት እግር ሥር ተቀመጡ፤ ግዕዝና ቅኔ፣ የመጻሕፍትንም ትርጓሜ ተማሩ። በአንድ በኩል የሚሲዮን ተማሪ፣ በሌላ በኩል የቅኔ ቤት ተማሪ መሆን በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። ቆሎ ተማሪው ፈረንጅ ቤት አድጓል ይላል፤ ፈረንጁ ደግሞ የቅኔውን ጣዕም አያውቀውም። እሳቸው ግን ሁለቱንም ያዙ። ወደ ምንኩሉ ተመልሰው አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1889 የሰዋስው መጽሐፋቸው እዚያው ታተመ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሕይወታቸው በክስና በክብር መካከል የሚመላለስ ነው። በሚሲዮን ያለፉ ሰዎች በዘመኑ ጸረ ማርያም ይባሉ ነበር። የገብረ ማርያም ልጅም ከዚህ ስም አላመለጡም። በጌምድር ውስጥ ሲያስተምሩ ከካህናት ጋር ተጋጩ። አፄ ምኒልክ ግን ዕውቀታቸውን ስላወቁ ጠበቋቸው፣ አከበሯቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1905 የጀርመን መልእክተኛ ፍሪድሪኽ ሮዘን አዲስ አበባ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። በዚያው ዓመት የበርሊን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም የአማርኛ መምህር ሲፈልግ ምኒልክ የመረጧቸው አለቃ ታዬን ነው። እስቲ አስቡት፤ በይፋግ ገበያ ያደጉት ወላጅ አልባ ልጅ በአርባ አራትና በአርባ አምስት ዓመታቸው፣ እኔ አሁን ባለሁበት ዕድሜ ማለት ነው፣ የበርሊን ተማሪ ፊት ቆመው ሀሁ አስቆጠሩ። ኦይገን ሚትቮኽ የተባለው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ከእሳቸው ጋር እየሠራ፣ የሰጡትን የሕዝብ አነጋገር እ.ኤ.አ. በ1907 አሳተመ። አውሮፓ በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጽሑፍ የምታውቀው በአብዛኛው የብራና ግዕዙን ነበር። አለቃ ታዬ የገበያውንና የምድጃ ዳሩን አማርኛ ይዘው ገቡ።

በዚያው ዘመን ሌላው የጣና ዳር ሰው፣ የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ኔፕልስ ላይ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። እሳቸው ደግሞ በሥዕል ተማሪነት ጀምረው እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ የአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ሆነ። ሁለቱም በጸሐፊነት አልጀመሩም።

አለቃ ታዬ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሰላም አላገኙም። ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ዋሉ፣ ጠባቂያቸው ደከሙ። የሃይማኖት ክሱ እንደገና ተነሣ፤ ታሰሩም። እንደዚያም ሆኖ መጻፋቸውን አልተዉም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. ታተመ። ሁለት ዓመት ቆይተው፣ በ1916 ዓ.ም. ዐረፉ። መጽሐፉ እየተደጋገመ ታትሞ ለትውልድ ተላለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ኡፕሳላ ላይ በእንግሊዝኛ ታትሟል።

መቼም መካሪ ሆኜ ውዳሴ ብቻ ብጽፍ የታሪክ ክፍል ወዳጆቼ ይታዘቡኛል። ያ መጽሐፍ የሕዝቦችን አመጣጥ ከጥንት ትውፊትና ከመጽሐፍ ቅዱስ የዘር ሐረግ ጋር ያያይዛል። የዛሬ ታሪክ አዋቂ እንዳለ አይቀበለውም፤ ልክም ነው። ግን ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። የዛሬው ሊቅ መጽሐፉን አንብቦ፣ ገጽ ጠቅሶ ይሟገተዋል። የዚያን ዘመን ከሳሽ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሰውዬው በየትኛው በር እንደገቡ ነበር። የመጀመሪያው ትችት ለጸሐፊ ክብር ነው። ሁለተኛው ሳያነቡ መፍረድ ነው።

እኛ ሐኪሞች ይህን ስሕተት በሙያችንም እናውቀዋለን። እኔ በ1997 ዓ.ም. ስመረቅ፣ በዚያው በአለቃ ታዬ አገር፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ፣ ሰው በማይለቅ ትኩሳት ይሞት ነበር። ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ የወባ መድኃኒት አይሠራም። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው ተባለ። በሽታው ካላ አዛር ነበር። ያላሰብነው ለምን ነበር? ካላ አዛር የሁመራና የመተማ፣ የቆላ በሽታ ነው ብለን ስለተማርን፤ ደጋ ላይ አይጠበቅም ነበር። ከተረጋገጠ በኋላ አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ተጀምሮ፣ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ከ2,500 በላይ ሰው ታከመ። ከዚያ በፊት የሞቱት ግን ሞተዋል። አገሩን አይተን በሽታውን አላየነውም።

ወደ ሳኒቴሪያኑ ወንድማችን ልመለስ። ትምህርት ቤታችን በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ያሠለጠነው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ነበር። ጎንደር ላይ ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እንግዲህ በቤቱ ታላቅ ማን ነው? ሳኒቴሪያኑ ታላቃችን ነው፤ እኛ ኋላ መጥተን የቤቱን ወንበር የያዝን ታናናሾች ነን።

ከስብሰባው በኋላ ጽሑፉን ጠይቄ አነበብኩት። በአንድ ቀበሌ የምንጭ ጥበቃ ለማሠራት ስለተደረገ የዓመታት ልፋት ነው። ሁለት ቦታ ላይ ሐሳቡ ይደጋገማል፤ ያንን ጽፌ ላክሁለት። የቀረው ግን በሕክምና ትምህርቴ ሁሉ ያልተማርኩት ነው። ለአዘጋጆቹም እንዲወጣ ድምፄን ሰጥቻለሁ፤ መስጠት የነበረብኝ ግን በስብሰባው ላይ ነበር። ይህን ስታነቡ ውሳኔው ታውቋል፤ ገጹን ገልጣችሁ ፈልጉት።

ለሚቀጥለው ዓመት አዘጋጆች አንድ ልመና አለኝ። አራተኛውን ጥያቄ ከቅጹ አውጡት። እናንተም በእብናት፣ በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ በየጤና ጣቢያው ያላችሁ የቤታችን ልጆች፣ ሬጅስትራር ቢሮ ያላችሁ፣ ላቦራቶሪ ያላችሁ፣ ትምህርቱን ጀምራችሁ ሳትጨርሱ የቀራችሁም ጭምር፣ ያያችሁትን ጻፉና ላኩ። እኔ በበኩሌ ሳላነብ አልፈርድም።