ራማኑጃን፣ 1729 እና የአሥራ ሁለት መሠረት

ስሪኒቫሳ ራማኑጃን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1887 በደቡብ ሕንድ በኤሮዴ ተወልዶ በኩምባኮናም አደገ። በ16 ዓመቱ ገደማ የጆርጅ ካር የሒሳብ ማጠቃለያ መጽሐፍ እጁ ገባ። መጽሐፉ በሺህ የሚቆጠሩ ውጤቶችን ያለ በቂ ማረጋገጫ የሚደረድር በመሆኑ፣ ወጣቱ ማረጋገጫውን በራሱ መፈለግ ነበረበት። ይሁን እንጂ ልቡ በሒሳብ ብቻ ስለተያዘ በሌሎች ትምህርቶች ወደቀ፤ ኮሌጁንም ያለ ዲግሪ ተወ።

በ1912 በማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረ። በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ወር ውጤቶቹን ለካምብሪጁ ምሁር ለሃርዲ በደብዳቤ ላከ፤ በ1914ም ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በ1915 ያሳተመው ሰፊ ጥናት ከእነርሱ ከሚያንሱት ቁጥሮች ሁሉ የበለጡ አካፋዮች ስላሏቸው ቁጥሮች ነበር። በ1916 ዲግሪ ያገኘውም በዚሁ ሥራ ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱ 12 ነው። 12 ስድስት አካፋዮች ሲኖሩት፣ ከእርሱ የሚያንስ ማንኛውም ቁጥር ከአራት በላይ የለውም። 12 የቁጥር ሥርዓት መሠረት ቢሆን የሚመረጥበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው፤ በዚያ ሥርዓት ሲሶ 0.4፣ ሩብ ደግሞ 0.3 ተብለው በአጭሩ ይጻፋሉ።

የጦርነቱ ዘመን ችግርና ሥጋ ከማይበላ ሰው ጋር ያልተስማማው የአገሩ ምግብ ተደራርበው ራማኑጃንን ለሕመም ዳረጉት። ሃርዲ በፐትኒ ሊጠይቀው ሄዶ፣ የመጣበት ታክሲ ቁጥር 1729 እንደነበረና ቁጥሩም እምብዛም እንደማይስብ ነገረው። ሕመምተኛው ግን ቁጥሩ በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሁለት ኩቦች ድምር ከሚሆኑት ሁሉ ትንሹ መሆኑን ወዲያው አመለከተ። አንደኛው የ12 ኩብና የ1 ኩብ ድምር ሲሆን፣ ሁለተኛው የ10 ኩብና የ9 ኩብ ድምር ነው። ይህን እኩልነት ፈረንሳዊው ፍሬኒክል በ1657 ደርሶበት ነበር።

ቁጥሩ በተለመደው አጻጻፍ ሲታይ የ10 ኩብ የሆነው 1000 ጎልቶ ይወጣል፤ ቀሪው 729 የ9 ኩብ ነው። በ12 መሠረት ሲጻፍ ግን 1728 ራሱ 1000 ስለሚሆን፣ 1729 1001 ይሆናል፤ የ12 ኩብና የ1 ኩብ ያለ ስሌት ይታያሉ። እያንዳንዱ አጻጻፍ አንዱን መንገድ ይገልጣል እንጂ የድምሩን እውነት አይፈጥርም። ከአጻጻፍ የሚመነጩ ባሕርያት ግን አሉ። የ1729 አኃዞች ሲደመሩ 19 ይሰጣሉ፤ ቁጥሩም ለ19 ያለ ቀሪ ተካፍሎ 91 ይሆናል። በ12 መሠረት የአኃዞቹ ድምር 2 ነው፤ ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ ለ2 አይካፈልም። ስለዚህ የአንድን ሙሉ ቁጥር ባሕርይ የሚያጠና ሰው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ባሕርዩ የቁጥሩ ነው ወይስ የአጻጻፉ የሚለውን ነው።

ራማኑጃን በ1918 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በዚያው ዓመት የትሪኒቲ ኮሌጅ ፌሎውነትን አገኘ። በ1919 ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1920 መጀመሪያ፣ በሕመም ላይ ሳለ፣ አዲስ ስላገኛቸው ፈንክሽኖች ለሃርዲ ጻፈ፤ ኤፕሪል 26 ቀን በ32 ዓመቱ አረፈ። የተዋቸው የማስታወሻ ደብተሮች ግን ለቀጣዮቹ ትውልዶች የማረጋገጥ ሥራ ሆነው ቆዩ።