አበበ ቢቂላን በዝግታ ያሳየው ጃፓናዊ

ከአዲስ አበባ እስከ ቴክሳሷ ፕሌኖ፣ ሐበሻ በሚሰበሰብበት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የሻምበል አበበ ቢቂላ ምስል ብዙ ጊዜ አይታጣም። አንዱ ቤት በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ሌላው ቤት ቶኪዮ ላይ ነጭ ጫማ አድርጎ ብቻውን ሲገሰግስ ይታያል። ምስሉ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ደግሞ አንድ ትዕይንት አይረሳም፤ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኑ ከፊቱ ካለው መንገድ ሳይነቀል፣ ጊዜ ራሱ የታገሠው ይመስል በዝግታ ሲሮጥ። ያን ትዕይንት ያነሣው ሰው ስም በእኛ ዘንድ እምብዛም አይነሣም። የፊልም ዳይሬክተሩ ኮን ኢቺካዋ ነው።

ኢቺካዋ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 20 ቀን 1915፣ በታላቁ የሺንቶ ቤተ መቅደስ በምትታወቀው በኢሴ ከተማ ነው። አባቱ የኪሞኖ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ ሞቱ። በሽታ የማይለየው ልጅ በእናቱና በእህቶቹ መካከል አደገ፤ ከቤት ሲውል ይሥላል፣ ሰዓሊ መሆንንም ይመኛል። የዋልት ዲዝኒን ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ሲያይ ግን ሥዕልና ሲኒማ በአንድ ሙያ ሊገናኙ እንደሚችሉ ገባው። በ1933 ኪዮቶ በሚገኝ አንድ ስቱዲዮ የአኒሜሽን ክፍል ተቀጠረ። ስቱዲዮው ኋላ ቶሆ ወደተባለው ትልቅ ኩባንያ ሲጠቃለል እርሱም አብሮ ገብቶ የዳይሬክተሮች ረዳት ሆነ።

የመጀመሪያ ሥራው የአሻንጉሊት ፊልም ነበር። ጃፓን በተሸነፈች ሰሞን የተጠናቀቀው ይህ ፊልም ለሕዝብ ሳይታይ ቀረ፤ ስክሪፕቱ አስቀድሞ ለፈቃድ ስላልቀረበ አገሩን የያዘው የአሜሪካ ጦር አስተዳደር ወረሰው። ያ ዘመን ለኢቺካዋ የከፋ ነበር። ቤተሰቡ ይኖር የነበረው ሂሮሺማ ሲሆን፣ የአቶሚክ ቦምቡ ከወደቀ በኋላ ወደዚያ ሄዶ የከተማይቱን ፍርስራሽ በዓይኑ አይቷል። እናቱ ተርፈው አገኛቸው። ከጦርነቱ በኋላ በሠራቸው ፊልሞች ውስጥ የሚታየው፣ ሳቅና ሞት ጎን ለጎን የሚሄዱበት አመለካከት ከዚያ የመጣ ይመስላል።

በ1948 ናቶ ዋዳን አገባ። ዋዳ እንግሊዝኛ የምታውቅ፣ ብዕሯ የሰላ ሴት ነበረች። እስከ 1965 ድረስ ከሠላሳ በላይ ለሚሆኑ ፊልሞቹ ስክሪፕት ጽፋለች። የባሏ ስም በየፌስቲቫሉ ሲጠራ የእርሷ በአብዛኛው ከኋላ ቀርቷል። በብዙዎች ግምት ግን ምርጥ ሥራዎቹ ሁለቱ አብረው የሠሯቸው ናቸው።

ስለ ፌስቲቫል ካነሣን፣ የዚያን ጊዜ የጃፓን ሲኒማ ለውጭው ዓለም ምን እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። እስከ 1951 ድረስ አውሮፓና አሜሪካ የጃፓንን ፊልም የማየት ዕድላቸው እጅግ ጠባብ ነበር። በዚያ ዓመት ቶኪዮ ትሠራ የነበረች ጁሊያና ስትራሚጆሊ የተባለች ጣሊያናዊት፣ አምራች ኩባንያው ራሱ ብዙ ተስፋ ያልጣለበትን የአኪራ ኩሮሳዋን ራሾሞን ለቬኒስ ፌስቲቫል አጨችው። ፊልሙ የወርቅ አንበሳውን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የኬንጂ ሚዞጉቺ ፊልሞች ተከታተሉ። የፌስቲቫል ተመልካች ከጃፓን የሚጠብቀው ግን ብዙውን ጊዜ ሰይፍ፣ ኪሞኖና የጥንት ዘመን ታሪክ ነበር።

ኢቺካዋ በ1956 ወደ ቬኒስ የላከው ሌላ ነገር ነው። የበርማው በገና በሚባለው ፊልሙ፣ ሚዙሺማ የተባለ ወታደር ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ወደ አገሩ መመለስ ያቅተዋል። መንኩሶ፣ በየወንዙ ዳርና በየጫካው ያልተቀበሩ የወገኖቹን አስከሬኖች ሲቀብር ይኖራል። ጓዶቹ በመርከብ ሲሳፈሩ እርሱ ወደ ኋላ ይቀራል። የዚያ ዓመት ዳኞች ሳይስማሙ ቀርተው የወርቅ አንበሳው ለማንም አልተሰጠም፤ የኢቺካዋ ፊልም የሳን ጆርጆን ሽልማት አገኘ፣ ለኦስካርም ታጨ። ከአራት ዓመት በኋላ ካን ላይ ካጊ የተባለው ፊልሙ የዳኞችን ሽልማት ከጣሊያናዊው አንቶኒዮኒ ሥራ ጋር ተጋራ። በፊሊፒንስ ጫካ በረሃብ ስላበዱና የሰው ሥጋ እስከ መብላት ስለደረሱ ወታደሮች የሚተርከው የሜዳ ላይ እሳት ደግሞ በ1961 ሎካርኖ ላይ ዋናውን ሽልማት አሸነፈ።

በአገሩ ግን ሐያሲዎች በአንድ ነገር ያሙት ነበር። ቀልድም፣ የጦርነት ታሪክም፣ የጥንት ድራማም፣ ኩባንያው ያዘዘውን ሁሉ ይሠራል፤ የእኔ የሚለው መልክ የለውም የሚል ሐሜት ነው። ፊልሞቹን ተራ በተራ ያየ ሰው ግን አንድ የሚመላለስ ነገር ያስተውላል። በበርማ የቀረው መነኩሴ፣ በፊሊፒንስ ጫካ የሚንከራተተው ወታደር፣ በ1963 በሠራው ፊልም በአንዲት ትንሽ ጀልባ የፓስፊክን ውቅያኖስ የሚያቋርጠው ወጣት፣ ሁሉም ከብዙ ሰው መካከል ተነጥለው ብቻቸውን የሚሄዱ ናቸው። እንዲህ ያለ ዓይን የነበረው ዳይሬክተር ከአበበ ቢቂላ ጋር መገናኘቱ አጋጣሚ ነው፤ ግን ያማረ አጋጣሚ ነው።

የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፊልም እንዲሠራ መጀመሪያ የታሰበው ኩሮሳዋ ነበር። ለዚሁ ጥናት በ1960 ሮም ድረስ ሄዷል። ሆኖም በበጀትና በሥራው ስፋት ከአዘጋጆቹ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ተወው። ኢቺካዋ ኃላፊነቱን ሲረከብ ጨዋታው ሊጀመር ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። የስፖርት አዋቂ አልነበረም። ከሚስቱ፣ ከገጣሚው ሹንታሮ ታኒካዋና ከሌላ የስክሪፕት ጸሐፊ ጋር ተቀምጦ፣ ገና ላልተካሄደ ውድድር ስክሪፕት ጻፈ። ለእውነተኛ ክስተት አስቀድሞ ስክሪፕት መጻፍ ግራ ያጋባል። እነርሱ የጻፉት ግን ማን እንደሚያሸንፍ ሳይሆን ካሜራው ምን መፈለግ እንዳለበት ነው። ከዚያ ከ100 በላይ ካሜራዎችንና ከሩቅ የሚያቀርቡ ረጃጅም ሌንሶችን አሰለፈ።

ፊልሙ ፀሐይ ስትወጣ ይጀምርና ወዲያው ለስታዲየሙ ቦታ የሚለቁ አሮጌ ሕንፃዎች በብረት ኳስ ሲፈርሱ ያሳያል። ችቦው በሂሮሺማ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ድል ከሚታይበት ይልቅ ሰው የሚታይበት ይበዛል፤ አሎሎ ከመወርወሩ በፊት እንደ ጸሎት ያለ ልማዱን የሚደጋግም ወርዋሪ፣ የተመልካቾች ፊት፣ በዝናብ ውስጥ የሚራመዱ የእርምጃ ተወዳዳሪዎች። ኢቺካዋ ረጅም ጊዜ ከሰጣቸው አንዱ ሜዳሊያ ያላገኘ አፍሪካዊ ነው። አሕመድ ኢሳ ነፃነቷን ካገኘች አራት ዓመት ከሆናት ከቻድ የመጣ የ800 ሜትር ሯጭ ሲሆን፣ በግማሽ ፍጻሜው ይሰናበታል። ካሜራው በመመገቢያ አዳራሽ ብቻውን ሲበላ፣ በማያውቃት ከተማ ሲዘዋወር ይከተለዋል። በአገር ቁጥር ሜዳሊያ ለሚቆጥር ባለሥልጣን ይህ ጊዜ ማባከን ነው።

ኦክቶበር 21 ቀን ማራቶኑ ተካሄደ። አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። መጀመሪያ ላይ አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክና አየርላንዳዊው ጂም ሆጋን አብረውት ነበሩ፤ ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ግን ብቻውን ሆነ። ኢቺካዋ እዚህ ላይ ውድድሩን መተረክ ይተዋል። ረጅሙ ሌንስ የአበበን ፊት ከጎን ይይዝና በዝግታ ያሳየዋል። ሕዝቡ፣ መንገዱና ፖሊሱ ሁሉ ከጀርባው ደብዝዘው ያልፋሉ። ፊቱ ላይ የድካምም የደስታም ምልክት ፈልገው አያገኙም። ከዚያ ካሜራው ወደ ሌሎቹ ይዞራል፤ መጠጥ ወደሚታደልበት ጠረጴዛ ወደሚቆሙት፣ እግራቸው ወደቆሰለው፣ አስፋልት ላይ ወደሚወድቁት። በዚህ ንጽጽር የአበበ ብቸኝነት ይበልጥ ይጎላል።

አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ፤ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ከሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሁለተኛው ሯጭ ገና ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር የሚደርሰው። ፊልሙ ቀጥሎ ያሳየው ለጃፓናውያን የሚያሳምም ነው። ኮኪቺ ቱቡራያ በሁለተኛነት ስታዲየም ገብቶ፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት በእንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ ተቀድሞ ሦስተኛ ወጣ። ቱቡራያ በ1968 መጀመሪያ ላይ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ያን ያወቀ ተመልካች ዛሬ ያንን ትዕይንት ሲያይ ኢቺካዋ ሊያውቀው ያልቻለውን ነገር ያያል።

ፊልሙ በማርች 1965 ለባለሥልጣናት ሲቀርብ ቁጣ ተነሣ። የኦሊምፒኩ ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ሚኒስትር ኢቺሮ ኮኖ ፊልሙ ኪነ ጥበብ ነው ወይስ የታሪክ መዝገብ የሚለውን ጥያቄ በይፋ አነሡ። ያስቆጣው ግልጽ ነበር፤ መንግሥት ያዘዘው ከጦርነት አመድ የተነሣች ጃፓንን፣ አዳዲስ ሕንፃዎቿንና የአሸናፊዎቿን ዝርዝር የሚያሳይ ሥራ ነው። ኢቺካዋ ያመጣው ደግሞ የሰው ጀርባ፣ የእግር ጣትና የአንድ ኢትዮጵያዊ ፊት ነው። የትምህርት ሚኒስቴርም ድጋፉን ነፈገ። በዚያን ጊዜ ከታወቁት የጃፓን ተዋናዮች አንዷ የሆነችው ሂዴኮ ታካሚኔ በጋዜጣ ወጥታ ተከራከረችለት፤ ሚኒስትሩን ከዳይሬክተሩ ጋር ለማስታረቅም ራሷ ሄደች። ፊልሙም ለሕዝብ ቀረበ፤ በአገሪቱ ታሪክ እጅግ ብዙ ተመልካች ካገኙት አንዱ ሆነ። ባለሥልጣናቱ የፈለጉት ዓይነት ዘጋቢ ፊልም ከዚያው ከተቀረጸው ምስል ተቀናብሮ በ1966 ወጥቷል። ያን የሚያስታውስ ዛሬ ጥቂት ነው።

በ1965 ካን ፌስቲቫል ከውድድር ውጭ ታየ፤ የብሪታኒያ የፊልም አካዳሚም በዘጋቢ ፊልም ሸለመው። በአሜሪካ የደረሰበት ግን ሌላ ነው። አከፋፋዩ 170 ደቂቃውን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቆርጦ፣ የእንግሊዝኛ ትረካ ጨምሮ አወጣው። ለዓመታት ብዙ አሜሪካዊ ተመልካች ያየው ይህንኑ ነው። ሙሉው ሥራ የነበረው በፌስቲቫሎችና በሲኒማ ቤተ መዛግብት ዘንድ ነው፤ ያልተለመደ ፊልም የሚፈልግ ሰው ካልሄደበት በቀር አይገናኘውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ናቶ ዋዳ መጻፍ አቆመች፤ የጃፓን ትልልቅ ስቱዲዮዎችም ተመልካቻቸውን በቴሌቪዥን እየተነጠቁ ተዳከሙ። በ1969 ኢቺካዋ ከኩሮሳዋ፣ ከኬይሱኬ ኪኖሺታና ከማሳኪ ኮባያሺ ጋር የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የመጀመሪያው ፊልማቸው ከሠረ በኋላ ማኅበሩ ብዙ አልተራመደም። ኢቺካዋ ተስፋ አልቆረጠም። የቴሌቪዥን ድራማ እየሠራ ባገኘው ገንዘብ፣ በአነስተኛ በጀት ገለልተኛ ፊልሞችን ከሚደግፈው ከአርት ቲያትር ጊልድ ጋር ሆኖ በ1973 ማታታቢን ሠራ። ስለ ሦስት ድሃ ተቅበዝባዥ ቁማርተኞች የሚተርክ ነው። ሳሙራይን ለማወደስ የለመደ ተመልካች እዚህ የሚያየው ቆሻሻ፣ ረሃብና ሰይፍ መያዝ የማይችሉ እጆችን ነው።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ወደ ኦሊምፒክ ተመልሶ ነበር። የሙኒክን ጨዋታ ስምንት ዳይሬክተሮች ተካፍለው ሲቀርጹ እርሱ የመረጠው የ100 ሜትርን ውድድር ነው፤ ለዚያች የአሥር ሰከንድ ሩጫ 34 ካሜራዎች ተጠቀመ። በዚያው ሙኒክ አበበም ነበር። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከድተውት፣ በክብር እንግድነት ተጋብዞ በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የተገኘው። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር 25 ቀን በ41 ዓመቱ አረፈ።

ዋዳ በ1983 በካንሰር ሞተች። ኢቺካዋ ሲጋራው ከከንፈሩ ጥግ ሳይወርድ ገና ብዙ ሠራ፤ በ1985 የበርማውን በገና በቀለም ደግሞ ቀረጸው፣ በ2006 በዘጠና አንድ ዓመቱም የመጨረሻውን ረጅም ፊልም አወጣ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008 በሳንባ ምች በ92 ዓመቱ ቶኪዮ ውስጥ አረፈ።

የቶኪዮው ፊልም ታድሶ በ2017 አሜሪካ ውስጥ ከሌሎች የኦሊምፒክ ፊልሞች ጋር በዲስክ ታትሟል። ስለዚህ ዛሬ ፕሌኖ የሚኖር ሰው ፌስቲቫል ሳይጠብቅ፣ ሳይቆረጥ ከቤቱ ሊያየው ይችላል። አበበን ብሎ የሚቀመጥ ሁሉ ግን ይታገሥ፤ ኢቺካዋ ማራቶኑን ያኖረው ከመዝጊያው ሥነ ሥርዓት በፊት ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ይጠበቃል።