ቀለም የማያፈስ ብዕር የፈለገው ኸሊፋ

ካይሮን የጎበኘ ሰው የአል-ሙኢዝን ስም ሳይሰማ አይመለስም። በአሮጌው የከተማዋ ክፍል፣ በጥንታውያን መስጂዶችና መድረሳዎች መካከል የሚያልፈው ታላቅ ጎዳና ዛሬም በስሙ ይጠራል። ይሁን እንጂ ይህ ኸሊፋ ዛሬ በደረት ኪስ የሚሰካውን ዓይነት፣ ቀለሙን በሆዱ የያዘ ብዕር ከሺህ ዓመት በፊት አስቦ እንዳሠራ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው።

አቡ ተሚም መዓድ አል-ሙኢዝ ሊዲኒላህ የተወለደው ዛሬ ቱኒዚያ በምትባለው አገር፣ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በመህዲያ ነው። በ953 እ.ኤ.አ. (341 ሒጅራ) አባቱን አል-መንሱርን ተክቶ አራተኛው የፋጢሚያ ኸሊፋ ሆነ። ፋጢሚያዎች የኢስማዒሊያ ሺዓ ተከታዮች ሲሆኑ፣ ከባግዳድ ዐባሲያዎችና ከኮርዶባ ኡመውያዎች ጋር በኸሊፋነት ማዕረግ ይፎካከሩ ነበር። በ969 የጦር አዛዡ ጀውሀር ግብፅን ይዞ ካይሮን ቆረቆረ፤ የአል-አዝሀር መስጂድም በእርሱ አማካይነት ተሠራ። በ973፣ በረመዷን ወር፣ አል-ሙኢዝ የአባቶቹን አስከሬን በሣጥን አስጭኖ ወደ አዲሲቱ ከተማ ገባ። ወደ ትውልድ አገሩ ዳግም አልተመለሰም።

ይህን ያህል ሰፊ ግዛት የሚተዳደረው በደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው የሚጻፍበት የመቃ ብዕር ደግሞ ጥቂት ቃላት በተጻፉ ቁጥር ከቀለም ዕቃው መነከር ነበረበት። በወሎም ሆነ በሐረር ቁርኣን ቤት ሉህ ይዞ የተማረ አንባቢ ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም፤ የጣት ጥቁረትና የእጅጌ እድፍ የልጅነቱ ትዝታ ነው። (ዐረቦች ቀለም የሚሉት ብዕሩን ነው፤ እኛ በዚያው ቃል የምንጠራው ብዕሩ የሚነከርበትን ነው።)

የኸሊፋው ባለሟልና የሕግ ሊቅ የነበረው ቃዲ አን-ኑዕማን፣ አል-መጃሊስ ወል-ሙሳየራት በተሰኘው መጽሐፉ እንደመዘገበው፣ አል-ሙኢዝ ስለ ብዕር ሲያወጋ እንግዳ ሐሳብ አመጣ። የቀለም ዕቃ የማይሻ፣ ሲጽፉበት ብቻ ቀለም የሚያፈልቅ፣ ሲተዉት የሚያቆም፣ በእጅጌ ቢያዝ ልብስ የማያበላሽ ብዕር እንዲሠራለት ፈለገ። ቃዲው ይህ ይቻል እንደሆነ ተደንቆ ጠየቀ፤ ኸሊፋውም አላህ ከሻ እንደሚቻል መለሰለት። ጥቂት ቀናት አልፈው ባለሙያው ከወርቅ የሠራውን ብዕር ይዞ ቀረበ። ብዕሩ ጻፈ፤ ነገር ግን ቀለሙ ከሚፈለገው በላይ ፈሰሰ። አል-ሙኢዝ እንዲስተካከል መለሰው። ዳግመኛ ሲመጣ በእጅ ቢገለብጡት፣ ወዲህና ወዲያ ቢያዘነብሉት ጠብታ አልወጣውም፤ ወረቀት ላይ ሲያሳርፉት ግን ያማረ ጽሑፍ ጻፈ። አን-ኑዕማን በዚህ የመልካም ጠባይ ምሳሌ አየበት።

እኔን የሚደንቀኝ ግን የመጀመሪያው ሙከራ መክሸፉ ነው። ቀለም ከታሸገ ዕቃ እንዲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ አየሩ ከበዛ ቀለሙ ይንጠባጠባል፣ ካነሰ ብዕሩ መጻፉን ያቆማል። ሮማንያዊው ፔትራቼ ፖኤናሩ በ1827 በፓሪስ፣ አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማንም በ1884 የፈጠራ መብት ሲያስመዘግቡ የታገሉት ከዚሁ ችግር ጋር ነው።

ዛሬ በዶሃ አሮጌ ብዕር ለመሰብሰብ የሚነሣ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። የገናናዎቹ አምራቾች ሥራ ዋጋው ይከብደዋል። እንደ ኤስተርብሩክና ዌርኤቨር ያሉት፣ ጫፋቸው ብዙውን ጊዜ ከብረት የሆነ፣ ለተማሪና ለቢሮ ጸሐፊ የተሠሩት ግን አቅሙን አይፈትኑትም። ሲገዛ የሚያደርገው ፈተና የአል-ሙኢዝን ይመስላል፤ ቀለም ሞልቶ ይጽፍበታል፣ ከዚያም ጫፉን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይጠብቃል። አልሞላ ቢለው ወይም ቢያፈስ፣ ብዙውን ጊዜ በሽታው የውስጡ የጎማ ከረጢት መድረቅ ነውና ይለወጣል።

የዚያን ዘመን የእጅ ሥራ በዓይኑ ማየት የሚሻ በኮርኒሽ ወዳለው የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ይሂድ። በዚያ ያለችው የነሐስ አጋዘን በዚያው በ10ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፋጢሚያዎች ባላንጣዎች በአንደሉስ ኡመውያዎች አገር የተሠራች ናት። ሆዷ ባዶ ነው፤ ውኃ ከሥሯ ገብቶ በአፏ ይፈልቅ ነበር።

አል-ሙኢዝ ካይሮን ብዙ አልኖረባትም፤ በ975 መጨረሻ፣ ገና በ40ዎቹ ዕድሜው ሞተ። አን-ኑዕማን ቀድሞት በ974 ሞቶ ነበር። የወርቁ ብዕር እስካሁን አልተገኘም። የሠራውን ሰው ስምም ቃዲው አልጻፈውም።