የተሳቀበት የጥርስ ሐኪም

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ታሪክ ዓምዳችን ስለ አንድ የጥርስ ሐኪም ላጫውታችሁ ነው። ስሙ ሆራስ ዌልስ ይባላል።

መጀመሪያ ለምን እሱን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ታላቅ እህቴ ከሁሉም ኋላ የሚበቅለውን መንጋጋ ጥርሷን በቀዶ ሕክምና አስወጣች። እኔ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሁን ጮኸች፣ አሁን ጮኸች እያልኩ ስጠብቅ ምንም ድምፅ የለም። ስትወጣ ፋሻ ነክሳ ስለነበር በእጇ ምንም አላመመኝም የሚል ምልክት አሳየችኝ። ለካ ማደንዘዣ ተወግታ ነው። ታዲያ ማደንዘዣ ሳይኖር በፊት ሰው እንዴት ጥርሱን ያስነቅል ነበር? ጥያቄውን ለሳይንስ መምህራችን አቀረብኩላቸው። እሳቸውም እንዳነብ ረዱኝ።

ሆራስ ዌልስ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1815 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ተወለደ። ሙያውን በቦስተን ከተማ ተማረና በ1836 ኮነቲከት ግዛት ውስጥ ሃርትፎርድ በምትባል ከተማ ሥራ ጀመረ። በ1838 ስለ ጥርስ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ያስጨንቀዋል። በዚያ ዘመን ጥርስ ሲነቀል በሽተኛው ሁሉም ነገር እየተሰማው ነው። ሰው ከመነቀሉ ሕመም የተነሣ የበሰበሰ ጥርሱን ይዞ መሰንበትን ይመርጥ ነበር።

ዲሴምበር 10 ቀን 1844 ማታ ዌልስ አንድ ትርኢት ለማየት ሄደ። ጋርድነር ኮልተን የተባለ ሰው ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን የሚያስቅ ጋዝ ለፈቃደኞች ያስተነፍሳል፤ እነሱ እየሳቁ ሲዘሉ ሕዝቡም ይስቃል። ሳሙኤል ኩሊ የተባለ ሰው ጋዙን ወስዶ ሲዘል እግሩ ተጋጨና ደማ። ግን የጋዙ ኃይል እስኪያልፍ ድረስ መጎዳቱን እንኳ አላወቀም። ሌላው ሰው ሁሉ ሲስቅ ዌልስ የሰውየውን እግር አየ። ይሄ ሰው ካልተሰማው ጥርሱ የሚነቀል ሰውስ ለምን ይሰማዋል ብሎ አሰበ።

ታዲያ በሌላ ሰው ላይ አልሞከረም፤ በራሱ ጀመረ። በማግሥቱ ኮልተን ጋዙን አስተነፈሰው፤ ጆን ሪግስ የተባለ የሙያ ባልደረባው ደግሞ መንጋጋ ጥርሱን ነቀለለት። ሲነቃ ሕመሙ እንዳሰበው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሌሎች በሽተኞችም ላይ ሞከረው። ግኝቱን በስሙ አስመዝግቦ ለብቻው ገንዘብ ላግኝበት አላለም፤ ለሁሉም ሐኪም እንዲዳረስ ፈለገ።

በጃንዋሪ 1845 ቦስተን ሄዶ በሕክምና ተማሪዎች ፊት ቆመ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። የጋዙ ከረጢት ቶሎ ተነሣና በሽተኛው ጥርሱ ሲነቀል ጮኸ። ተማሪዎቹ ሳቁበት፤ አታላይ ነህ ብለው አፌዙበት። በሽተኛው ራሱ በኋላ ሲጠየቅ ሕመሙ እንደ ወትሮው እንዳልነበረ ተናግሯል። ግን በዚያች ሰዓት ማን ይጠይቀው? ዌልስ አፍሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ታመመ፤ ሥራውንም ተወት አደረገ።

ከአንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1846፣ የድሮ ተማሪውና የሥራ ባልደረባው የነበረው ዊልያም ሞርተን በዚያው በቦስተን በኤተር አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና እንዲሠራ አደረገ። ተሳካለት፤ ዝናውም ለእሱ ሆነ። ዌልስ እውቅና ፍለጋ እስከ ፓሪስ ሄደ። በመጨረሻ ክሎሮፎርም የተባለውን ሌላ ማደንዘዣ በራሱ ላይ ደጋግሞ ሲሞክር አእምሮው ታወከ። ጃንዋሪ 24 ቀን 1848 በኒው ዮርክ በ33 ዓመቱ አረፈ። የፓሪስ ሐኪሞች ግኝቱ የእሱ መሆኑን መቀበላቸውን የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሰው ከሞተ በኋላ ነው። በ1864 ደግሞ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እውቅና ሰጠው። ዛሬ ሃርትፎርድ ውስጥ ሐውልት አለው።

እህቴ የተወጋችው መርፌ ከዌልስ ጋዝ የተለየ ነው። ጥርስ ያለ ስቃይ ሊነቀል እንደሚችል ለማሳየት የደፈረው ግን እሱ ነው። ማደንዘዣው ሲለቅ እህቴ አመማት፤ ጉንጯም አበጠ። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ስለሚብስ አትደንግጡ ተባልን። እኔ ነርሷ ሆኜ የሠራሁትን ልንገራችሁ፦ በመጀመሪያው ቀን በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ሃያ ደቂቃ ጉንጯ ላይ እይዝና አነሣለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ እደግማለሁ። ራሷን በሁለት ትራስ ከፍ አድርጋ ተኛች። ለብ ያለ አጥሚትና ሾርባ ጠጣች፤ በርበሬ የለም፣ በስትሮው መጠጣትም የለም። ቀዳዳው ላይ የረጋው ደም ከተነሣ ሕመሙ ይብሳልና። ከአንድ ቀን በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብላ ተጉመጠመጠች። መድኃኒቷን ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ወሰደች። ከሦስተኛው ቀን በኋላ እብጠቱ ቢጨምር፣ ወይም ትኩሳት ቢመጣ፣ ወይም ደሙ አልቆም ቢል ሳንውል ሳናድር ወደ ሐኪም መመለስ ነበረብን። ደግነቱ አልመጣም፤ በሳምንቱ ዳቦ በላች።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናዘዝ። ከሁለት ወር በፊት ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና ሳነብ ማይኩ ተቋረጠ፤ እኔም ደንግጬ አንድ ቃል ተሳሳትኩና ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ማይክ አልያዝኩም። የዌልስን ታሪክ ሳነብ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እሱ የተሳሳተው ሐሳቡ ላይ አልነበረም፤ ከረጢቱ ቶሎ ስለተነሣ ብቻ ነው። የሳቁት ተማሪዎችም አንድ ቀን ጥርሳቸውን ያማቸው ይሆናል። እኔም ሌላ ልጅ ሲሳሳት ስቄ አውቃለሁ፤ ይቅርታ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ዜና አነባለሁ። ብሳሳት ሳቁ፣ ግን እስክጨርስ ጠብቁኝ።